ከቡፌው ላይ የመጣው ድምፅ የኔ ነበር

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ፈጠርሽው" ትሉኛላችሁ። ብፈጥረው ኖሮ ራሴን ትንሽ አሳምሬ ነበር የምፈጥረው።

ዛሬ ፍቅረኛዬ ቢኒ ቤታችን ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ቆመው፣ አባቴ መልስ እየሰጠ፣ ከቡፌው ላይ የኔ ድምፅ ወጣ።

እኔ ግን ሳሎን አልነበርኩም!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራዬን ለማታውቁት፦ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ የስልክ አፕ ዲዛይን አደርጋለሁ። ቁልፉ የት ይሁን፣ ምን ያህል ይተልቅ፣ ሰው በስህተት እንዳይነካው ከጎኑ ምን ይቀመጥ። ቀኑን ሙሉ የምጨቃጨቀው በዚህ ነው።

ይቺን ያዙልኝ። ኋላ ታፍሩብኛላችሁ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ አለችው። ሚሞሪ ካርድ የምትጎርስ፣ አምስት ቁልፍ ያላት፣ ጥግ ጥጓ የተላጠ። ከኮቱ ኪስ አትለይም። ዘፈን መቀየር ሲያምረው እጁን ኪሱ ይከታል፣ ቀጭ ያደርጋል፣ ተቀየረ። ሳያያት!

"መሪ የያዘ ሰው ዓይኑ መንገድ ላይ፣ ጣቱ ቁልፍ ላይ ነው" ይላል።

አንድ ቀን የኔን ተች ስልክ አስያዝኩት። ስክሪኑን ነካ አደረገና ጣቱን ገልብጦ አየው። ከዚያ ጠየቀኝ፦

"መንካቴን በምን አውቃለሁ?"

በዓይንህ ታያለሃ፣ አልኩት። ሳቅኩበትም። ቢሮም ሄጄ አወራሁት፣ እነሱም ሳቁ። ጥያቄው ግን የሆነ ቦታ ተሰንቅሮብኝ ቀረ። እውነት በምን ያውቃል? መስታወት ሁሉም ቦታው አንድ ነው። እሺ የሚለውም፣ ሰርዝ የሚለውም፣ ባዶውም ለጣት ልዩነት የለውም።

በርግጥ የሱ ማጫወቻም መከራ አላት። የአማርኛ ርዕስ ማንበብ አትችልም፤ ሁሉንም ባዶ ሳጥን አድርጋ ነው የምታሳየው። ስለዚህ አባዬ ዘፈኖቹን የሚያውቃቸው በቁጥር ነው። የሚወዳት አርባ ሦስተኛዋ ናት። እሷ ጋ ለመድረስ አርባ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። እኔ ሁለት ፊደል ጽፌ አገኛታለሁ። በዚህ በኩል አልሸነፍም።

ወደ ዛሬው ጉድ እንመለስ።

ቤታችን ለሚ ኩራ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። በወጉ መሠረት ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ብቅ አትልም። እኔና ታናሽ እህቴ ሕሊና ወደ ውስጠኛው መኝታ ቤት ተባረርን። ለሰላጣ ቲማቲም እየቆረጥኩ ስለነበር እጄን እንኳ በወጉ አላደረቅኩም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔና ቢኒ የሠርግ አዳራሽ ከያዝን ሁለት ወር ሆኖናል።

አዎ። ሽማግሌ ሳይላክ! ከፋሲካ በኋላ ያሉት እሁዶች ቶሎ ያልቃሉ፤ አዳራሹ እንዳያመልጠን ብለን ነው። አባዬ አያውቅም። ቢያውቅ ምን እንደሚሰማው ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ለሱ ልጁን መጠየቅ ማለት እምቢም ሊባል ይችላል ብሎ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያለ ቀጠሮ እሺ እንዲል ከልቤ ስጸልይ ነበር።

በር ላይ ጆሮ መለጠፍ ይበቃሽ ነበር ትሉ ይሆናል። ላይኛው ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ግን ግድግዳ እያስቦረቦረ ነበር። በእሁድ ቀን! ድሪሉ ሌላ ነገር አያሰማም።

እናም ብልጠቴ መጣ።

ሽማግሌዎቹ ሳይገቡ በፊት ከስልኬ ወደ ሕሊና ስልክ ደወልኩ። ስልኬን ቡፌው ላይ፣ ከወንድሜ የምረቃ ፎቶ ጀርባ ደበቅኩት። መኝታ ቤት ገብተን የሕሊናን ስልክ ስፒከር ላይ አደረግኩና፣ የኛ ድምፅ እንዳይሄድ ሚዩት የምትለዋን ነካሁ። በራች። አየኋት። በዓይኔ!

ያላየሁት ሁለት ነገር ነው። እርጥብ ጣት አንዴ ነክቶ ሁለቴ ይቆጠርለታል፤ ሚዩቷ በርታ ወዲያው ጠፍታለች። ሳሎን ያለውን ስልክ ከፎቶው ጀርባ ስገፋው ደግሞ መዳፌ ስፒከር የሚለውን ነክቶታል።

ይህን ለሌላ ሰው አፕ ስፈትሽ ብሆን በአምስት ደቂቃ እደርስበት ነበር።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። መሪያቸው የቢኒ አጎት ጋሽ ታደሰ ናቸው። አባዬ ቁጭ በሉ ሲላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ወጉ ነው፣ ቆመው ጠየቁ። ስለ ቢኒ ጨዋነት ብዙ ተባለ። ግማሹን እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።

ከዚያ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘመድ ማማከር አለብኝ፣ ልጄንም ልጠይቃት፣ ሁለት ሳምንት ስጡኝ አለ።

እኔ ደግሞ አልጋው ላይ ዘልዬ ቆምኩና ለሕሊና እንዲህ አልኳት፦

"ሁለት ሳምንት? አዳራሹን ከያዝን እኮ ሁለት ወር ሆነን! ዝም ብሎ እሺ ይበል በቃ!"

ድሪሉ ልክ እዚህ ላይ ቆመ። ሙያተኛው ምሳ ወጣ መሰለኝ።

በስልኩ ውስጥ ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው ድምፁ ከየት እንደመጣ ጠየቁ። እማዬ ከቡፌው ላይ ነው ስትል ሰማኋት።

ሕሊና ስልኩን ልትዘጋ ቀይዋን ነካች። ስክሪኑ በኔ የቲማቲም ውኃ ስለረጠበ እምቢ አለ። በቀሚሷ ስትጠርገው ጠፋ። ስትቀሰቅሰው አሻራ ጠየቀ። አሻራዋን ሰጠችው፣ አላወቃትም። እኔ "ዝጊው! ዝጊው እንጂ!" እያልኩ ነው። ሳሎን ያሉትም "ዝጊው! ዝጊው እንጂ!" እየሰሙ ነው።

ከስንት ትግል በኋላ ተዘጋ። እፎይ አልኩ።

ምን እፎይ ያስብላል? አባዬ ስልኬን አንስቶታል!

የሚያጠፋበት ቁልፍ እየፈለገ ነው። ጥሪው እንደቆመ ማን ይንገረው? አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ጠዋት አቁሜው የነበረው ሙዚቃ ደግሞ ስልኩ እንደተቆለፈ ሳለ ፊት ለፊት ይታያል፤ መነካት ብቻ ነው የሚጠብቀው። የይለፍ ቃል አይጠይቅም። እኛ ዲዛይነሮች ይህን "ለተጠቃሚ ምቹ" እንለዋለን።

ጠዋት ሳዳምጥ የነበረው ምን ይመስላችኋል? ለሠርጌ የሰበሰብኩትን የዘፈን ዝርዝር!

እልልታው ከነጭብጨባው ቤቱን ሞላው።

አባዬ በመጨረሻ ከስልኩ ጎን እውነተኛ ቁልፍ አገኘ። የሚዳሰስ፣ ሲጫኑት ቀጭ የሚል። ደስ ብሎት ደጋግሞ ተጫነው። የድምፅ መጨመሪያው ነበር።

ከዚያ ስሜን ጠራ። ወጉ ቀርቶ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። አንደኛው ጣሪያ ያያሉ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ በሳቅ ይሁን በለቅሶ አልለየሁም። ስልኩን ተቀብዬ አጠፋሁት። በሦስተኛው ሙከራ!

አባዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በዝግታ ጠየቀኝ፦

"የኔ የጥሪ ካርድ መቼ ሊደርሰኝ ነበር?"

እንባዬ መጣ፣ በጣምም አፈርኩ።

ለሽማግሌዎቹ ቀጠሮው እንደጸና ነገራቸው። ጋሽ ታደሰም ይገባዎታል ብለው እጅ ነሱና ወጡ። ሰላጣውን የቀመሰ የለም።

ከሰዓት በኋላ አባዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማጫወቻውን ኪሱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። እየቆጠርኩ ነበር። እኔ እኮ አንዲት ቁልፍ ለማስቀመጥ የማላውቃቸውን ሰዎች ጣት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ። "እሺ" ብቻ ኖሮ "አይ" የሌለበት ስክሪን የሠራ ልጅ ቢሮ ውስጥ ቢገኝ አልለቀውም። ለአባቴ ያዘጋጀሁለት ግን ልክ እንደዚያ ያለውን ነው።

አርባ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ሄጄ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"አባዬ፣ ቢኒን ላግባው?" አልኩት።

እጁን ኪሱ ከተተ። ቀጭ። ዘፈኑ ቆመ።

"አሁን ጠየቅሽኝ" አለ።

እሺ፣ መልሱስ? አልኩት።

"መልስ ለሽማግሌ ነው የሚሰጠው" አለና ዘፈኑን ቀጠለ። ፊቱን ወደ መንገዱ ቢያዞርም ጉንጩ ፈገግ ሲል ያየሁ መስሎኛል። መስሎኛል ነው ያልኩት፤ ዛሬ ሚዩቷንም በርታ አይቻታለሁ።

እና የአዳራሹ ሰዎች፣ ይህን ካነበባችሁ፣ አልሰረዝንም። ግን አላረጋገጥንምም። አንድ ጡረተኛ ሾፌር እየጠበቅን ነው።

እናንተስ ወዳጆቼ፣ ቤታችሁ ያለውን ትልቅ ሰው በእርግጥ ጠይቃችሁታል? ወይስ እንደኔ የነካችሁ መስሏችሁ ነው?