ዘይነብን የፋቅኋት ጊዜ

ደህና ወንበር፣ ደህና ኤርኮንዲሽን ያለው ቢሮ ጥሎ «ከእንግዲህ የራሴ አለቃ ራሴ ነኝ!» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። ቀስ ብላችሁ ግንባሩን ዳብሱት… ትኩሳት አለው። እኔን የዳበሰኝ ሰው አልነበረም።

እዚህ ሙስካት አንድ የማስታወቂያ ስቱዲዮ ውስጥ አምስት ዓመት ቪዥዋል ኢፌክት ሠርቻለሁ። ስሙ ሲጠራ ያስፈራል እንጂ ሥራዬ ባጭሩ ማጥፋት ነበር። ሰማይ ላይ የተዘረጋውን የመብራት ሽቦ አጠፋለሁ፤ የሕንጻ ስንጥቅ አጠፋለሁ፤ ሽቶ የምታስተዋውቀዋን ቆንጆ ብጉር አጠፋለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ «የግመሉን ለሃጭ አጥፋልኝ» ሲለኝ… በቃኝ! የመኖሪያ ፈቃዴ በሌላ ካፊል፣ ማለትም በሌላ ዋስ ስም ስለነበር ስቱዲዮው እኔን የሚይዝበት ገመድ አልነበረውም።

«ፍሪላንስ ልሠራ ነው» አልኩት።

«ያላ፣ ሂድ!» አለኝ እየሳቀ። «ወንበርህን ግን ለማንም አልሰጥም። ስድስት ወር ሳይሞላህ ትመለሳለህ።»

ያቺ ወንበር አንገበገበችኝ። ብመለስ እኮ ዕድሜ ልኬን መሳቂያ ነኝ! ማቢላ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ኮምፒውተሬን ተክዬ ደንበኛ ስጠብቅ አራት ወር አለፈ። ኻላስ፣ በቃ ልመለስ ነው ብዬ የቢሮ ሸሚዜን ስተኩስ ስልኬ ጮኸ።

የደወለችው ዘይነብ ናት። ዘይነብ የወሎ ልጅ ስትሆን ቦሻር ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ትኖራለች። እናቷን ካየች አራት ዓመቷ ስለሆነ ቪዲዮ ልትልክላቸው ፈልጋለች። ማዳሟ ዓርብ ከሰዓት አንዲት ሰዓት ፈቅደውላት፣ ቪላው ጣሪያ ላይ ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ቀረጽኳት።

«ወንድሜ፣ ይኼ የልብስ ገመድ እንዳይታይ። ከኋላዬ ባሕር አድርግልኝ። እማ ‹ልጄ ደላት› ትበል።»

ባሕር በሞላበት ከተማ ባሕር ስጠየቅ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ኋላ ስጠይቃት፣ ዘይነብ ባሕሩን ያየችው አንዴ ብቻ፣ ያውም በመኪና መስኮት ነው። ሳቄን ዋጥኩት።

ሁለት ሳምንት ለፋሁ። ገመዱን ከነአንሶላው አጥፍቼ ማዕበል አስገባሁ። ከዚያማ… እስቲ ፍረዱኝ፣ የመጀመሪያ ደንበኛዬ አይደለችም? ምርቃት ጣል ላድርግላት ብዬ ወደ ፊቷ ተጠጋሁ። ከቅንድቦቿ በላይ ሁለት ትናንሽ ጠባሳዎች አሉ። የእጄ አመል ነውና ሁለቱንም ሙልጭ! ቪዲዮው በሲዲ ተገልብጦ አገር ቤት በምትገባ ጓደኛዋ እጅ ተላከ።

ከሁለት ዓርብ በኋላ ዘይነብ እያለቀሰች ደወለች።

«ወላሂ ገደልከኝ!»

«ምን ሆንሽ?»

«እኔማ ምንም አልሆንኩ። አገሬ ላይ ሞታለች እየተባልኩ ነው!»

ለካ እነዚያ ጠባሳዎች ብጣት ናቸው። ዘይነብ ሕፃን ሳለች ዓይኗን ሲያማት ለመድኃኒት ተብሎ የተበጣችው። እናቷ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው መጀመሪያ የፈለጉት ያንን ነው። ብጣቱ የለም! ከኋላ ደግሞ የሚያጓራ ባሕር! እንግዲህ ደምሩት… ልጃቸውን ውሃ በልቷት አሠሪዎቿ መሳይ ፈልገው ልከዋል። መንደሩ ለቅሶ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም።

«በስልክ ባወራትም አታምነኝ አለች፤ ድምፅ ይመሳሰላል ትላለች። አንተ ንገራት!»

ቁጥሩን ተቀብዬ ደወልኩ።

«እማማ፣ ቪዲዮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዘይነብ ደህና ናት።»

«ብጣቷሳ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት… በኮምፒውተር።»

«ምን አድርጋህ?»

አምስት ዓመት ሙሉ ስፍቅ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አፈርኩ።

«መልሳት» አሉኝ።

«እሺ እማማ። ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም! የግራው ረዘም ይላል። እኔው ነኝ የበጣኋት፤ ስትጮህብኝ እጄ ተንቀጠቀጠ…» ወዲያው ትዕዛዛቸውን ቀጠሉ። «ያንን ውሃም አንሳው፣ ልጄ ዋና አትችልም!»

ሙያዬን ይህን ያህል የተቆጣጠረ አለቃ ስቱዲዮውም አልነበረውም። ባሕሩን አነሳሁ፤ ገመዱ ከነአንሶላው ተመለሰ። ብጣቶቹንም መለስኩ። የሁለት ሳምንት ልፋቴ በሩብ ሰዓት ድምጥማጡ ጠፋና ዘይነብ ካሜራው እንዳያት ሆና በሌላ መንገደኛ ተላከች።

እናቷ ቴሌቪዥኑን በነጠላቸው ጠረጉ አሉ። የግራውን ብጣት በጣታቸው ዳበሱና እልል አሉ። «ልጄ ናት! አንሶላ አሰጣጧ ራሱ የኔው አይደል?» ዘይነብ ይህን እየሳቀች ስትነግረኝ እኔ፣ ካመናችሁኝ፣ እያለቀስኩ ነበር።

ወሬው ቦሻር ያሉትን የአገሬን ልጆች ለማዳረስ አንድ ዓርብ በቃው። ስልኬ ሥራ በዛበት።

«ለዘይነብ የሠራህላትን ሥራልን።»

«እኔ እኮ ምንም አልሠራሁላትም!»

«እሱኑ ነው የምንፈልገው። አደራ፣ ምንም እንዳትጨምርበት!»

ስድስት ወር ሲሞላ አለቃዬ ደወለ።

«ወንበርህ ባዶ ነው። አትመጣም?»

«ሥራ በዝቶብኛል።»

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ምንም!» አልኩት። «ለዚያውም ወረፋ አለው።»