ምስጢር የሌለው ኮምፒውተር

እኛ ሰዎች በነፃ የመጣ ነገር እንወዳለን ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ተሳስታችኋል። ቲሸርትና ኮፍያ ሲታደል፣ እውነት ነው፣ የጎረቤታችንን ክንድ እየጠመዘዝን እንሻማለን፤ ያልተጠራንበት ሠርግ ድንኳን ውስጥም ደጋሾቹ እኛ የሆንን ይመስል ዘና ብለን እንቀመጣለን። ዕውቀት በነፃ ሲመጣ ግን ግንባራችን ይቋጠራል። «ምን ፈልጎ ነው?» እንላለን። ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠረጠርም።

እኔ ይህን ያየሁት ጂኦግራፊ በማስተምርበት በቡታጅራው ትምህርት ቤታችን ነው፤ ያልወደዱት ሰው ሁሉ «ኪራይ ሰብሳቢ» በሚባልበት ዘመን። በዕርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩን። ቫይረስ ስለጨረሳቸው ተማሪው የሚማረው ኮምፒውተር ሳይሆን የኮምፒውተርን ሬሳ ነበር።

ታዲያ ዘይነባ የምትባል የመስቃን ልጅ የኮምፒውተር መምህርት ሆና ተመደበችልን። «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ገብታ ገና ሳትቀመጥ ጉድለትህን የምትነግርህ ዓይነት ሴት ናት። ክረምቱን ሙሉ ላቦራቶሪው ውስጥ ተቀብራ ከረመች። ሊኑክስ የሚባል፣ ማንም በነፃ ወስዶ ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም ጫነች። ደህናውን ኮምፒውተር እናት አድርጋ፣ ደካሞቹ ሁሉ እንደ ጥጃ ከሱ እንዲጠቡ በገመድ አያያዘቻቸው። መስከረም ላይ ሁሉም ተነሱ! ቫይረሱ ጠፋ። እያንዳንዱ ተማሪ ሥራውን የሚያስቀምጥበት የራሱ ቦታ አገኘ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችም ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን እዚያው ይለማመዱ ጀመር። ሐያት የምትባል ከእንሴኖ የምትመላለስ ተማሪ የባዮሎጂ ማስታወሻዋን በሙሉ እዚያ ጽፋ ጓደኞቿን ታስጠና ነበር።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ዘርጋ ግን እንቅልፍ አጡ።

«ስሚ ዘይነባ፣ የዚህ ነገር ዋስትናው ምንድን ነው?»

«ማንም ከፍቶ ውስጡን ማየት ይችላል፣ ጋሼ። ምስጢር የለውም።»

«ምስጢር የለውም?» ጋሽ ዘርጋ ደነገጡ። «በመንግሥት ቤት ምስጢር የሌለው ነገር?»

ነገሩ ግምገማ ላይ ወጣ። ከዞን የመጡት ሰው ነፃ ነገር ያለ ምክንያት እንደማይሰጥ፣ ከጀርባው ያለው ኃይል መጣራት እንዳለበት በሰፊው አብራሩ። ክረምቷን ያለ ክፍያ የሠዋችው ዘይነባም በኪራይ ሰብሳቢነት ተገመገመች።

«ኪራዩን የሰበሰብኩት ከማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሁለተኛ ጥፋት ተጨመረባት፤ ሂስ አትቀበልም።

በቁጣ ዝውውር ጠይቃ ጉንችሬ ሄደች። ወዲያው የጋሽ ዘርጋ የእህት ልጅ ከወልቂጤ ተጠራ። በማርከር የተጻፈበት፣ ከመንገድ ዳር የተገዛ፣ የተሰረቀ ፕሮግራም ቅጂ ያለበት ሲዲ ይዞ መጣ። ሕጋዊው ነፃ ፕሮግራም ተጠርጥሮ ወጣ፤ የተሰረቀው በጭብጨባ ገባ። የእህት ልጁ ሲጭን የተማሪው ሥራ ሁሉ የተቀመጠበትን የእናቲቱን ኮምፒውተር ሆድ ጠርጎ አጠፋው። በማግስቱ ሐያት ማስታወሻዋን ብትፈልግ የለም። «ቲቸር፣ ፈተናው እኮ ደረሰ» አለችኝ። ምን ልበላት? የዓለምን የዝናብ ስርጭት ላስረዳት እችላለሁ፤ የአቶ ዘርጋን ጭንቅላት ግን አልችልም። ብዙም ሳይቆይ ቫይረሱ ተመለሰ፤ ኮምፒውተሮቹም አንድ በአንድ ጠቆሩ። ላቦራቶሪው የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ሆነ።

በዓመቱ ለልምድ ልውውጥ ተብለን፣ አበላችን ተቆርጦልን፣ በሚኒባስ ጉንችሬ ወረድን። የዞኑ ሞዴል ትምህርት ቤት እዚያ ነው ተብሎ ነበር። ገባን። አሮጌ ኮምፒውተሮች በረድፍ በርተዋል፤ ልጆች ተደርድረው ይሠራሉ፤ ከፊት ዘይነባ ቆማለች። የዞኑ ሰው፣ እኚያው ሰው፣ «ወጪ ቆጣቢ ፈጠራ!» እያሉ ያደንቃሉ።

ጋሽ ዘርጋ ያፍራሉ ብላችሁ ጠበቃችሁ? እጃቸውን አውጥተው ተነሡ።

«ይቺ መምህርት የእኛ ፍሬ ናት! ቡታጅራ ላይ ኮትኩተን ያሳደግናት እኛ ነን!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዘይነባ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ሲኮተኩቱኝ ነው የነቀሉኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀልዱ ያልገባቸው ጋሽ ዘርጋ ብቻ ነበሩ፤ ከሁላችንም አብልጠው የሳቁትም እሳቸው።