ለቤዝቦል ጀግኖች ያለቀስን ዕለት

የስዊስ ሰው ያለ ተርሚን፣ ያለ ቀጠሮ ማለት ነው፣ አይታመምም። ሐኪም ዘንድ በተርሚን፣ ፀጉር ቤት በተርሚን፣ እናቱ ቤት ምሳ ለመብላት እንኳ ቀን ተቆርጦለት ነው የሚሄደው። እኛም ኖረን ኖረን ተመሳስለናል፤ እዚሁ ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ወዳጄ ቤት ሳልደውል አልወጣም። በአንድ ነገር ግን አልቻሉንም፤ በለቅሶ። ለቅሶ ከተባለ ሐበሻ ተርሚን አያውቅም። የሟቹን ስም እንኳ የሚጠይቀው መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው።

ነገሩን ያመጣችው የአክስቴ ልጅ ዘነበች ናት። ጄኔቫ ውስጥ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች። ሽማግሌ ናቸው፣ ጥቁር ናቸው፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አንድ አርብ ደወለችልኝና፣ ሰውዬው የአባታቸውንና የአባታቸውን ባልደረቦች ፎቶ ሳሎን አቁመው፣ ሻማ ገዝተው፣ ነገ መታሰቢያቸው ነው ብለው ወንበር ደርድረዋል አለችኝ። የጠሯቸው ሰዎች ግን አንድ በአንድ እየደወሉ ቀርተዋል። “እኔ ስሞት እነዚህን ሰዎች የሚያስታውስ የለም” ብለው በረንዳ ላይ ተክዘው ተቀምጠዋል። ታዲያ ባዶ ወንበር ታቅፈው ሲያዝኑ ዝም ብዬ ልይ? አለች።

እኔ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የአውሮፕላን ምግብ አዘጋጃለሁ፤ ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው። ሽሊረን ለሚኖሩት ለጋሽ ተፈራ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ለእትዬ ወይንሸት ነገሩ። እትዬ ወይንሸት ሙሾ በማውረድ ዙሪክ ውስጥ የሚስተካከላቸው የለም። ማን ሞተ አላሉም፤ ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው አሉ። በማግስቱ ጥቁር በጥቁር ለብሰን፣ ነጠላ አዘቅዝቀን፣ ንፍሮ በድስት ይዘን ተሳፈርን። ከፊታችን የተቀመጡት የስዊስ እመቤት ድስቱን አይተው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ እስከ ጄኔቫ ድረስ አንገታቸው አልተመለሰም።

ሚስተር ዋልተር በሩን ሲከፍቱ ፈገግ ብለው ነበር። እኛ ግን አንገታችንን ደፍተን፣ እጃቸውን ጨብጠን፣ እግዜር ያጥናዎት ብለን ግድግዳውን ተደግፈን ተቀመጥን። ሰውዬው ደነገጡ። ዘነበችን ወደ ማዕድ ቤት ጠርተው፣ እነዚህ ምስኪኖች ማን ሞቶባቸው ነው ብለው ጠየቋት። ከዚያ ተመልሰው እኛን ያጽናኑን ጀመር!

ለአባታቸው ልናለቅስ እንደመጣን ነግሬ ግራ መጋባቱን እንደምንም ፈታሁት። ጋሽ ተፈራም በለቅሶ ቤት ወግ፣ ሟቾቹ ሥራቸው ምን ነበር ብለው ጠየቁ። ቤዝቦል ተጫዋቾች ነበሩ ተባለ።

ለምን ልዋሽ፣ እኔ ቤዝቦልን የማውቀው በኮፍያው ነው። ኮፍያውን ስንት ዓመት ሳደርግ ጨዋታ እንዳለው አስቤ አላውቅም። ሚስተር ዋልተር በዣንጥላ እያሳዩ አስረዱን። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በበትር ይመታል፣ መትቶም ዞሮ ዞሮ ወደተነሣበት ይመለሳል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዬን አስታወሰኝ። ጋሽ ተፈራ ግን ከወንበራቸው ተነሡ። “ይሄማ ገና ነው! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!” አሉ፤ ተርጉምላቸው አሉኝ።

ተረጎምኩ። ሚስተር ዋልተር ዣንጥላውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። በእኛ አገር ጌቶቹ አብሮ መጫወቱንም አልፈቀዱም አሉ። ነጮቹ የራሳቸው ሊግ ነበራቸው፤ ጥቁር አይገባም። አባታቸውና ጓደኞቻቸው በራሳቸው ሊግ፣ በአሮጌ አውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወቱ ነበር። ሆቴሉ አያስተኛቸውም፣ ምግቡ በጓሮ መስኮት ነው የሚሰጣቸው። አባታቸው የመታት ኳስ ከሜዳው አጥር በላይ ስትበር ሕዝቡ ያብዳል፤ ማታ ሰውየው አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያድራል። ጋሽ ተፈራ፣ የእኛ ጌታ ቁርጭምጭሚቱን ተመትቶም ይስቃል፣ የእነሱ ጌቶችስ ምን ፈርተው ነው አሉ። የእኛ ጌታ የመታውን ሰው በማግስቱ እንደማይረሳ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ለቅሶ ቤት ክርክር አይነሣም።

እትዬ ወይንሸት ይህን ሁሉ ሰምተው ነጠላቸውን አጠበቁና ጀመሩ፤

አጥሩን ዘላ ሄደች እሱ የመታት ኳስ፤
ለጌታዋ ነበር በሩ የማይቀመስ።

በተሰበረ እንግሊዝኛዬ ስነግራቸው ሚስተር ዋልተር ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ስለ አባቴ ስንት ቦታ ተናግሬ ሰው አጨብጭቦልኛል፣ ያለቀሰልኝ ግን የለም አሉ። እኔም አለቀስኩ። ለማላውቀው ሰው፣ ለማላውቀው ጨዋታ። እትዬ ወይንሸት በፎቶው ላይ ያሉትን በየተራ አዳረሱ። ዳር ላይ የቆመው አጭሩ፣ ሚስተር ዋልተር ሯጩ ያሉን ሰው ዘንድ ሲደርሱ ድምፃቸው ስለደከመ በአንዲት ስንኝ አለፉት፤ “ሮጠህ ሮጠህ ሮጠህ ከአፈር ደረስክ ወይ?”

ይሄኔ የሚስተር ዋልተር ታብሌት ጮኸ። ከአሜሪካ ነው። ስክሪኑ ላይ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ፣ ኮፍያ እንዳደረጉ ብቅ አሉ። ሚስተር ዋልተር ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ ዳር ላይ ያለው ሯጭ እኚሁ ናቸው፣ ከሁሉም የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው አሉን።

“ሥላሴ!” ብለው እትዬ ወይንሸት አፋቸውን ያዙ። በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ! ከዚህ የባሰ ምን ሟርት አለ? ደግነቱ ጋሽ ተፈራ ደረሱልን፤ አገራችን ሰው በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ የለም ወይ፣ ይሄም የቁም ተዝካር ነው አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። ሽማግሌው አልተቀየሙም፤ ጓጉ እንጂ። ስለ እኔ ምን አለች አሉ። ነገርኳቸው። ስለ ዋልተር አባትስ? እኔ ሞኙ ያንንም ነገርኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። “ያኔም የነጮቹ ጋዜጣ ጭራሽ አይጽፈኝም፣ የእኛው ደግሞ በአንድ መስመር ነበር የሚያልፈኝ፤ አሁን ሞቼም በአንድ መስመር?” አሉ።

ምን ይደረጋል? እትዬ ወይንሸት ውኃ ጠጥተው እንደገና ጀመሩ። ሽማግሌው የሮጡትን ይናገራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እትዬ ወይንሸት ሙሾውን ያወርዳሉ፤ ያጋነኑ ሲመስለኝ ጨምሩበት የሚሉት ሟቹ ናቸው። ሚስተር ዋልተር ንፍሮውን እንደ ስታዲየም ኦቾሎኒ እየቆረጠሙ በሳቅ ይፈርሳሉ። በመጨረሻ እትዬ ወይንሸት ከልማዳቸው የተነሣ፣ ነፍስ ይማር ብለው ዘጉ። እሱንም ከልማዴ የተነሣ ተረጎምኩት።

“አሜን” አሉ ሟቹ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።