ከጎብኚ ቀድመው የሚደርሱ ታብሌቶች

ከልጆች እጅ ታብሌት ወስጃለሁ። «ከነገ ወዲያ እመልሳለሁ» ብዬ ነው የወሰድኩት፤ አልመለስኩም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወሬው እየጣመ ሲሄድ እንዳታዝኑልኝ ነው። ጥሩ አድርጎ የሚያወራ ሰው ጥሩ ሰው ይመስላል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሪፖርት ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ማጣፈጥ እችልበታለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ የሚሠራው፣ ሌላው ሊለቅ የሚያስበው። ሁለተኛውን ነው በትጋት የሚሠራው። እኛ ወላይታ ሶዶ ያለን ሰዎች ምሳ ሰዓት ላይ ተሰብስበን ስንቀመጥ ብትሰሙን፣ በማግሥቱ መሥሪያ ቤቱ ባዶውን የሚያድር ይመስላችኋል። አንዱ ዶሮ ሊያረባ ነው። ከአረካ እየተመላለሰ የሚሠራው ጓደኛችን ሚኒባስ ላይ ያጠፋውን ዕድሜ አስልቶ ራሱ ሚኒባስ ሊገዛ ነው። እኔ አርባን ካለፍኩ በኋላ ያማረኝ ቢዝነስ ስኩል ነበር። አዲስ አበባ ገብቼ ልማርና ከዚያ የትምህርት ቴክኖሎጂ ከሚሠሩት ድርጅቶች ወደ አንዱ ልሻገር። ስሙ ራሱ ደስ አይልም? ትምህርት አለበት፣ ቴክኖሎጂ አለበት፣ ሪፖርት የለበትም።

ለቴክኖሎጂው እንግዳ አይደለሁም ባይ ነኝ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት በኩል፣ በዞናችን ላሉ ጥቂት የገጠር ትምህርት ቤቶች ለጋሾች የሰጧቸው ታብሌቶች ተከፋፍለው ነበር። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የደረሰው ግን ትንሽ ነው። ጎብኚ ደግሞ ትንሽ ነገር አይወድም፤ ልጆች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ስክሪን ሲነኩ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርን። ጎብኚ ይመጣል በተባለ ቁጥር ታብሌቶቹን ከየትምህርት ቤቱ እንሰበስባለን፤ ቢሯችን አድረው ቻርጅ ይደረጋሉ፤ በማግሥቱ ጎብኚው በትልቅ መኪና ሲመጣ እነሱ በሚኒባስ ወንበር ሥር ተሸሽገው ቀድመውት ይደርሳሉ። ዛሬ ቦምቤ፣ ሌላ ጊዜ አረካ አጠገብ። ጎብኚው ፎቶውን ያነሳል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። ከእርሱ ኋላ ታብሌቶቹም ይሄዳሉ። ለልጆቹ የሚቀራቸው ጭብጨባው ነው።

ይህን ሌብነት ብሎ የጠራው አልነበረም። «ቅንጅት» ነበር የምንለው።

ከጉኑኖ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ማርቆስ የሚባል መምህር አለ። መምህራን ኮሌጅ አብረን ተምረናል፤ እኔ ወደ ቢሮ ወጣሁ፣ እሱ ክፍል ውስጥ ቀረ፤ ይህንንም በተገናኘን ቁጥር ያነሳብኛል። አፉ ዳጣ በርበሬ ነው፤ ያቃጥላል፣ ግን ትመለስበታለህ። ማርቆስ ታብሌቶቹ ላይ የወላይትኛ ተረቶችን በራሱ ድምፅ ቀድቶ፣ ልጆቹ እየሰሙ ፊደሉን በጣታቸው እንዲከተሉ ያደርግ ነበር። ትምህርት ቤቱ መብራት ስለሌለው፣ ጉኑኖ ከተማ ካለ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ቻርጅ እያስደረገ ነው። ልሰበስብ በሄድኩበት ቀን በሩ ላይ ቆመ።

«ታ ሚቺዮ» አለኝ። እህቴ ማለቱ ነው፤ እንዲህ የሚለኝ ሊሰድበኝ ሲዘጋጅ ነው። «ልጆቹ ተረቱ መሃል ላይ ናቸው። ቀበሮው ዶሮዋን አታልሎ ከቤት ሊያስወጣት ነው። ወጣች አልወጣች ብለው ሲይዙኝ ምን ልበላቸው?»

«ከነገ ወዲያ እመልስልሃለሁ።»

«የቢሮ ከነገ ወዲያ ነው ወይስ የሰው?»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ፈርሜ ወሰድኩ። ጎብኚዎቹ መጡ፣ ሄዱ። «አሁን በትነን መልሰን ከምንሰበስብ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ» አለ ኃላፊያችን። በእኔ ስም ተመዘገቡና ተቆለፈባቸው። ማርቆስ ደወለ፤ «በሂደት ላይ ነው» አልኩት። እንደገና ደወለ፤ በሂደት ላይ ነበር። ከዚያ መደወሉን ተወ። እኔም ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት፤ ቢሮ የሚያስተምረው ትልቁ ሒሳብ ይህ ነው።

እንግዲህ ማመልከቻው መጣ። ቢዝነስ ስኩሉ «መርተው ያሳኩትን ለውጥ ይግለጹ» ይላል። ምን ብጽፍ ጥሩ ነው? ገጠር ላሉ ልጆች ዲጂታል ንባብ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አስጀመርኩ ብዬ ጻፍኩ። የማርቆስን ድምፅ ጻፍኩ፣ የልጆቹን ጣት ጻፍኩ። ቁም ሳጥኑን አልጻፍኩም። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኔ ቁርበቱንም ይዤ ነው የሄድኩት።

የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበርና ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። «ጊዜ የለኝም፤ ራስሽ ጻፊውና እኔ እፈርማለሁ» አለኝ። መቼም ይህን ያላለ አለቃ ካላችሁ መርቁት። ከምሳ በኋላ ተቀምጬ ራሴን ሳሞግስ ዋልኩ። ታማኝ አልኩኝ። ለሕዝብ የቆመች አልኩኝ። ይዤለት ስገባ ትንሽ አበዛሽው ይለኛል ብዬ ስሳቀቅ፣ አነበበና «ቆራጥ የሚለው ቀርቷል፤ ጨምሪበት» አለኝ። ጨመርኩበት።

ለቃለ መጠይቁ የቢሯችን ኔትወርክ ስለማይታመን አንድ ሆቴል ሄጄ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ ከነበሩት መምህራን አንዷ ጠየቀችኝ፤ «ለገጠር ትምህርት ቤት የሚሰጡ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ሳይሠራባቸው የሚቀሩት ለምንድን ነው?»

መብራት አልኩ። ኔትወርክ አልኩ። የመምህራን ክህሎት አልኩ። ከዚያ በኋላ፣ አፌ ይቆረጥ፣ «የባለቤትነት ስሜት ማነስ» አልኩ። ሰማችሁ? ንብረታቸውን ቀምቼ የቆለፍኩባቸው ሴት፣ የባለቤትነት ስሜት አነሳቸው እላለሁ! ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጻፈችው። ስትጽፈው ሳይ ነው ደሜ የፈላው። መጀመሪያ በእሷ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በኃላፊያችን፣ ቀጥሎ በጎብኚዎቹ ሁሉ። ንዴት ሰነፍ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይደበድባል። ወደ ባለቤቱ የደረሰው ቤቴ ገብቼ ከተኛሁ በኋላ ነው።

ተቀበሉኝ። «ከመስክ የመጣ ጥልቅ ልምድ» ብለው ጻፉልኝ።

ለማርቆስ ደወልኩ። «ቅዳሜ ታብሌቶቹን ይዤልህ እመጣለሁ።»

«ጎብኚው ማነው?»

«ጎብኚ የለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?»

እንደማልቀር ማልኩለት። እሱም አምኖኝ ለልጆቹ ነገራቸው።

ከመንግሥት ሥራ ስትለቁ ግን ክሊራንስ ትጨርሳላችሁ። በስማችሁ ያለ ንብረት ሁሉ ካልተመለሰ መልቀቂያ የለም፤ ያለ መልቀቂያ ደግሞ ቢዝነስ ስኩሉ አይመዘግበኝም። ንብረት ክፍሉን የያዙት ጋሽ ዳና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ ዕቃው ወደ ግምጃ ቤት ነው የሚመለሰው። ትምህርት ቤት አድርሼዋለሁ የሚባል ነገር እኔ ዘንድ የለም።»

«የልጆቹ እኮ ነው፤ ከእጃቸው የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«ከማን እንደወሰድሽ አልጠየቅኩሽም። በማን ስም እንዳለ ነው የምጠይቅሽ።»

ኃላፊያችን ጋ ሮጥኩ፤ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ ብሎ ይጻፍልኝ። እሱ ደግሞ በጣም የሚያዝን ፊት አሳየኝና «አሁን ሰጥተን፣ ጎብኚ ሲመጣ መልሰን ልንቀማቸው? ልጆቹን ለምን እናንገላታለን?» አለ። እኔ እንዲህ ዓይነት ርኅራኄ በዘመኔ አይቼ አላውቅም። ጮኽኩ። ጠረጴዛውን መታሁ። የጮኽኩት እውነቴን ነው። ግን የሚጮኽ ሰው ምን ያደርጋል ብላችሁ ጠይቁኝ።

ታብሌቶቹን ጭኜ ጉኑኖ መውረድ እችል ነበር። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። የሚቀርብኝ መልቀቂያው፣ ከእሱም ጋር አዲስ አበባ ነው። ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሜ አሰብኩ፤ ብዙም አላሰብኩም። ለጋሽ ዳና አንድ በአንድ አስረከብኩ። ፈረሙልኝ። ማኅተሙ ሲመታ ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ቆራጥ ነኝ።

ቅዳሜ ማርቆስ ደወለ። ከኋላው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «የት ደረስሽ? እነዚህ ልጆች መንገድ ላይ ወጥተው ቆመዋል።»

ነገርኩት። ስድቡን ጠበቅሁ፤ ስድቡ በመጣና በተገላገልኩ ነበር። አልሰደበኝም።

«ማርቆስ፣ ይቅር በለኝ።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ ብለሽ? እኔ ማንበብ እችላለሁ። እነሱን ጠይቂያቸው» አለና ዘጋው።

ልጠይቃቸው ደብዳቤ ጀመርኩ። ከመጀመሪያው መስመር አላለፈም። እነዚያ ልጆች ክፍል ቆጥረው አልፈዋል፣ ማንበብ ግን በወላይትኛም ሆነ በአማርኛ አልቻሉም፤ የሚችሉበትን ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። እነሱን በጽሑፍ ይቅርታ መጠየቅ አልችልም። ፊታቸው ቆሜ እንዳልጠይቅም ፈራሁ።

ማንበብ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ይቅር በሉኝ።