በአግባቡ የተሠራ ስህተት

ፍትሕ እንቅልፍ የማያውቅባት፣ ቢያንቀላፋም በመዝገብ ቁጥር ብቻ የሚያንቀላፋባት አንዲት የተባረከች ከተማ ነበረች። አንዲት ልብስ ሰፊ ነፍሴ አውጪኝ ብላ ወደዚህች ከተማ ሸሸች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል፤ የእሷ ባል ግን ራሱ ጅቡ ነበር። ክንዷን ሰብሮ ሲያበቃ «ቀጥሎ አንገትሽ ነው» አላት። ለማን አቤት ትበል? የፖሊስ አዛዡም እሱ፣ አቤቱታ ተቀባዩም እሱ!

የጥገኝነት ሹሙ ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ጋበዟት።

«ከለላ የምንሰጠው የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ ለሚሳደድ ሰው ነው። የእርስዎ ቡድን የቱ ነው?»

«ከሚገድላቸው ባል ያመለጡ ሴቶች።»

«ውይ፣ እነሱማ ብዙ ናቸው! ለሁሉም በር ከከፈትን ወንበሩን ከየት እናመጣለን? ደግሞ ቡድን ማለት መንገደኛ አይቶ የሚለየው ነው። እርስዎን መንገድ ላይ ማን ይለይዎታል?»

«ባሌ ይለየኛላ!»

«አንድ ሰው ኅብረተሰብ አይሆንም፣ እመቤቴ» አሉና ‹ውድቅ› የሚለውን ማኅተም ማመልከቻዋ ላይ አሳረፉበት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ፍርድ ቤት አለ» አላት ጠበቃዋ። እውነትም አለ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወንበሩ የሚቆረቁር። ዳኛው መነጽራቸውን ወልውለው መዝገቡን ገለጡ።

«ይህ ችሎት ውሳኔው ትክክል ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። እንዲያ እየጠየቅን ሥራችንን መቼ እንሠራለን? የምንጠይቀው ምክንያት ተጽፎበታል ወይ ብለን ነው። ተጽፎበታል። ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ግን በአግባቡ የተሠራ ስህተት ነው።»

«ጌታዬ፣ ብመለስ ይገድለኛል እኮ!»

«እሱ አዲስ ማስረጃ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ይዘው መቅረብ ይችላሉ» አሉ ዳኛው በርኅራኄ፤ ለመጨረሻው ውሳኔም ቀጠሮ ሰጡ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ባልየው ከተፍ አለ። ሊፈልጋት መጥቶ ድንበር ላይ ቢይዙት፣ እሱም ጥገኝነት ጠየቀ። በዚያው ወንበር ተቀምጦ አለቀሰ አሉ።

«ሚስቴ ጥላኝ ከጠፋች ወዲህ አገር ምድሩ ይጠቋቆምብኛል። የማዛቸው ፖሊሶች እንኳ ‹ሚስቱ ያመለጠችው› ይሉኛል።»

«መንገደኛ ይለይዎታል?»

«ሕፃን ሳይቀር!»

«እንዲህ ያሉ ወንዶች ብዙ ናችሁ?»

«ኧረ ብቻዬን ነኝ!»

ሹሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስንት ዘመን ሲጠብቁት የኖሩት ጥርት ያለ ቡድን በእግሩ ሄዶ መጣላቸው። ከለላውን በዕለቱ ፈረሙለት።

በቀጠሮዋ ቀን ዳኛው ፊታቸው በርቶ ጠበቋት።

«እንኳን ደስ አለዎት! ባለቤትዎ ከለላ አግኝተዋል። ሕጋችን ደግሞ ቤተሰብ እንዲበተን አይወድም። በሚስትነትዎ የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጥቶዎታል፤ አድራሻዎም የእሳቸው ቤት ነው። ችግርዎ ስለተፈታ መዝገቡ ተዘግቷል።»

ጠበቃዋ ልብስ ሰፊዋን ወደ ኮሪደሩ አወጣት። እዚያ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ እሷም መሐላቸው ገብታ አንገቷን ደፋች። ፈቃዷን የያዘው ጸሐፊ ከባሏ ጋር ብቅ አለና ግራ ተጋባ።

«ጌታዬ፣ ከእነዚህ ሁሉ ባለቤትዎ የትኛዋ ናቸው?»

ባልየው አንድ ጊዜ ብቻ ቃኘ።

«ያችውና!»