ፀሐይ ሜዳ ትወዳለች አሉን

ቆዩኝ፣ ሳቄን ልጨርስ። ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፤ ጎረቤቴ ሁለቴ መጥታ ምን ነካሽ ብላኝ ሄዳለች። ዋናው ነገር ገና ነው። ወንድሜ መጨረሻ ላይ የተናገራትን እስክነግራችሁ ድረስ አትነሡብኝ። አሁኑኑ ብነግራችሁ ጣዕሟ ይጠፋል፤ እኔም እንደገና ስንፈቀፈቅ ወረቀቱን አበላሻለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፀሐይ የምትወጣው የት ነው? እኔ እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ ቤተ መንግሥቱም ላይ፣ የእኔ ቆርቆሮም ላይ፣ የሚያስጠሉኝ ሰዎች ጓሮም ላይ እኩል ስትወጣ ነው ያየኋት። ምርጫ የላትም እል ነበር። ለካ አላወቅኋትም። የመሬት ቢሮ ሰዎች እንደ ነገሩን ፀሐይ ሜዳ ትወዳለች። ሜዳ ሲባልም ያገኘችውን ሁሉ አይደለም፤ አፈሩ የለማ፣ ከአስፓልቱ ዳር ያለ፣ ማኪና ዘው ብሎ የሚገባበት ሜዳ ነው የምትወደው። ድንጋያማ ገመገም ላይ ስትወጣ ሥራ አትሠራም። እዚያ የምትወጣው ለእንሽላሊቶቹ ነው።

መብራት የጠላሁ እንዳይመስላችሁ። የምኖረው ጎንደር፣ ቀሐ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና የገብስ ዱቄት እሸጣለሁ። መብራት ሲሄድ ወፍጮ ቤቱ ይቆማል፣ ስልኬ ይሞታል፣ ደንበኛዬም በጨለማ የበሰበሰውን መርጣ ትሄድና በማግሥቱ ስድቧን ይዛ ትመለሳለች። ስለዚህ ከፀሐይ መብራት አወጣለሁ ብሎ ለሚመጣ ሰው እልል የምል ሴት ነኝ። ችግሩ፣ የምሸጠው ሽንኩርትም ገብስም የሚመጣው ከታላቅ ወንድሜ ከአያ ደሴ ማሳ ነው። ማሳው ደግሞ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ሲሉ ከመንገዱ በታች የተዘረጋው ጥቁር መሬት ነው። ፀሐይ ከአገሩ ሜዳ ሁሉ መርጣ የወደደችው ይህንኑ ሆነ።

ይህ መሬት እንዲሁ መሬት አይምሰላችሁ፤ ጥብቅ የእርሻ መሬት ተብሎ የተከለለ ነው። ጥብቅነቱን በገዛ ቆዳችን እናውቀዋለን። አያ ደሴ ልጁን ሲድር ለሙሽሮቹ ከማሳው ጥግ ጎጆ ቢጤ ሊያቆም ምሰሶ ተክሎ ነበር። ከቢሮው መጥተው ይህ ለም መሬት የትውልድ ቀለብ ነው፣ ለአንድ ጎጆ ብለን አናስነካውም አሉት። ምሰሶውን በገዛ እጁ ነቀለ። ሙሽሮቹ ከአያ ደሴ ጓዳ ገቡ፤ ይኸው እዚያው ናቸው፣ ልጅም ወልደዋል። ተናደድን፤ ግን ደግሞ ትንሽ ኮራን። ስንቱ ሰው ነው መሬቱ እንዲህ የሚከበርለት?

ለአንዲት ጎጆ እንቢ ያለው መሬት ዘንድሮ ከፀሐይ መብራት ለሚያወጣ የመስታወት ጫካ እሺ አለ።

እንዴት ቢሉ፣ በጥናት። ያጠናው አንድ ረጋ ያለ ጨዋ ባለሙያ ነው፤ እሱን አትጥሉብኝ። ከከተማ በማኪና መጣ፣ ማሳውን አየ፣ ሰው የለም። ሌላ ጊዜ ተመልሶ መጣ፣ አሁንም ሰው የለም፤ አንድ በሬ እንኳ አልተጠመደም። ታዲያ ምን ይበል? መሬቱ ተጠቃሚ የለውም፣ ከጥብቅነት ቢወጣ የሚጎዳ ሰው አይኖርም አለ። አንዲት ነገር ብቻ አላወቀም። በመጀመሪያ የመጣ ዕለት ሚካኤል ነበር፤ ሲመለስ ደግሞ ማርያም። በእኛ አገር በሚካኤልና በማርያም ሞፈር የሚያነሣ የለም። አንዱ ቢደፍር በረዶው የሚወርደው በእሱ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቱንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እግዚአብሔርን የማይፈራው እንኳ ጎረቤቱን ይፈራል።

ይህን ውጤት ለሕዝቡ ለማሰማት ስብሰባ ሲጠራ እኔም ሽንኩርት ልጭን ሄጄ ስለ ነበር ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። አያ ደሴ ተነሥቶ ያን ዕለት ሚካኤል እንደ ነበር አስረዳ። የቢሮው ኃላፊ፣ አዲስ ጫማ ያደረገ ለስላሳ ሰው ነው፣ በትሕትና ሰማውና በጥናቱ ውስጥ ሚካኤል የሚባል ነገር አለመኖሩን ነገረው። እኔ መቼም አፌ አያርፍልኝም፤ ያ ባሻገር ያለው ድንጋያማ ገመገምስ ፀሐይ አትመታውም ወይ አልኩ። ፀሐይስ ትመታዋለች፣ ማኪና ግን አይገባበትም አለኝ። ሜዳው ማኪናን እስከ መሀሉ ያስገባል፣ ትልቁ መመዘኛም ይኸው ነው አለ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ መሬት የሚመድበው ኮሚቴ ራሱ መጥቶ ማሳውን አይቶ እዚያው እንዲወስን ቀን ተቆረጠ። ቀኑ ምን ላይ ዋለ ትላላችሁ? መድኃኔዓለም ላይ። በአንድ ቀን ግፉልን ብንል፣ ማኪና የሚገኘው ያን ዕለት ብቻ ነው ተባልን።

መንደሩ ምክር ተቀመጠ። ወጣቶቹ በዓልም ቢሆን ወጥተን እንረስ አሉ። ቄስ አዱኛ፣ የደብሩ ቄስ ናቸው፣ መሬቱን ከመስታወት አድናችሁ ለበረዶ ልታስረክቡት ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ያን ጊዜ ነው እኔ የገባሁበት። "ምነው ታዲያ በዋዜማው አናርሰውም?" አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሸጋ ብለሻል ብርቄ ተባልኩ፤ ቀኑን ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ዋልኩ።

በዋዜማው ደቦ ወጣ። የጎረቤቱ ጥማድ ሁሉ መጣ። ዝናቡ አንድ ሁለቴ ጥሎ ስለ ነበር አፈሩ እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ወንዶቹ አረሱ፣ እኛ ሴቶቹ ድንጋይ ለቀምን፣ አረሙን ነቃቀልን፣ ጓሉን ከሰከስን። አያ ደሴ ማሳውን እንደ ሙሽራ መኝታ አነጠፈው። ስንጨርስ ከዳር ቆመን አየነውና ይህን ያየ ሰው ተጠቃሚ የለውም አይልም ተባባልን። ሌሊቱን ደግሞ ዝናቡ ያለ የሌለውን አወረደው። ሰማይም ከእኛ ጋር ነው አልን።

በነጋታው ከቅዳሴ ወጥተን በነጠላችን ከማሳው ዳር ቆምን። ማኪናዋ መጣች። ኃላፊው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ማሳውን ሲያይ ፊቱ በራ። ምን ቢል ጥሩ ነው? አመሰገነን። ኅብረተሰቡ በራሱ ተነሣሽነት ድንጋዩን ለቅሞ፣ መሬቱን ደልድሎ፣ ለመስታወቱ ተከላ አዘጋጅቶ ስለ ጠበቀን እናመሰግናለን፤ እንዲህ ያለ ልማት ወዳድ ሕዝብ አላየሁም አለ። አንዱ ከኋላ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

ያን ጊዜ አልሳቅሁም። የአያ ደሴ ፊት አመድ ሆነ። ማሳው ሄደ ማለት ያ ሰው በስተርጅናው የሰው ዕቃ ሊሸከም ቆላ፣ አዲ አርቃይ ከተማ መውረዱ ነው፤ ከዚያች ጓዳ ያሉት ልጆቹም የሚበሉት የላቸውም። ምክሩን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ኃላፊውን ግን ደስታው ገፋው። በእግሩ እንዳይወርድ ጫማው አለ፤ ማኪና እስከ መሀል እንደሚገባም ለኮሚቴው በዓይን ማሳየት አማረው። ሹፌሩን ንዳው አለው። ያ ሹፌር የገበሬ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ አፈሩን አየ፣ ኃላፊውን አየ፣ ከንፈሩን ነክሶ ነዳው። በሬ ያገላበጠውን፣ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ የጠጣውን ጥቁር አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ከኃላፊው ጋር ሆናችሁ ተማሩ። ማኪናዋ በኩራት ገባች፣ መሀል ስትደርስ አጓራች፣ ጭቃውን እስከ ጣሪያዋ ረጨችና በሆዷ ተኛች። ጎማ የሚባል ነገር አልታይ አለ። ኃላፊው በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወረደ። እግሩን መልሶ አገኘው፤ ጫማው ግን እዚያው ቀረ።

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። የእኔ አፍ በነጠላ የሚሸፈን ዓይነት አይደለም። እስከ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሳይሰማ አልቀረም።

ወጣቶቹ ገብተው ቢገፉ ይብስ ሰመጠች። ሹፌሩም ይህችን ከበሬ በቀር የሚያወጣት የለም አለ። ሁሉም ወደ ቄስ አዱኛ ዞረ፤ በመድኃኔዓለም በሬ ይጠመዳል ወይ? ቄስ አዱኛ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። ወንጌሉ በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬ ቢወጣ አይከለክልም፣ በሬ ማኪና ቢያወጣስ ስለሚለው ግን የተጻፈ አላገኘሁም አሉ። ቢሆንም የምሕረት ሥራ ነውና ይሁን ብለው ፈቀዱ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ላሳጥርላችሁ። ማኪናዋ በበሬ ወጥታለች። ኮሚቴውም እዚያው ጭቃው ላይ ቆሞ ተማከረና ማኪና የማያስገባ ሜዳ አይሆነንም፣ መሬቱ ጥብቅነቱ ይቀጥል ብሎ ወሰነ፤ ገብሱ ዛሬ ጉልበት ደርሷል። ለድንጋያማው ገመገም መንገድ ሊወጣለት ነው ይባላል፤ ፀሐይም ሳትወድ በግዷ እዚያ ልትሠራ ነው። መብራቱ ቀሐ ከደረሰ ቃሌ ቃል ነው፣ እልል እላለሁ። ሌላ ኃላፊ ሌላ ጫማ አድርጎ አይመጣም ግን አልልም። ይመጣል። ያኔም ሚካኤል ላይ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ቃል የገባሁላችሁን። ቄስ አዱኛ እንደ ፈቀዱ ዓይን ሁሉ ወደ አያ ደሴ ዞረ፤ ከአገሩ ጉልበተኞቹ በሬዎች የእሱ ናቸው። ኃላፊው በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ ቆሞ፣ አባቴ እባክዎ በሬዎቹን ያምጡልን ብሎ ለመነው። አያ ደሴ አልተቆጣም፤ አልሳቀምም። ዘንጉን ተደግፎ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ እንዲህ አለው፦

"በሬ ከየት ይመጣል፣ ልጄ? ተጠቃሚ የሌለው መሬት ነው አላላችሁም?"