አርባ ብርቱ ሰዎች

ቡታጅራ ገበያ ላይ እንዲህ ይወራል፦ አለቃ ሸዋንግዛው የሥራ ማስታወቂያ የሚያነቡት በገዛ ዓይናቸው አይደለም፤ ከኋላቸው ቆመው በጆሯቸው የሚያነበንቡላቸው ሙታን ናቸው። "ሂድ" ያሉት በደኅና ይገባል፤ "ቅር" ያሉት ሄዶ የተመለሰ የለም።

ደበሌ ግን አላመነም። በሕይወት ሳሉ ፊደል ያልቆጠሩትን የመስቃን ገበሬዎች ከሞቱ በኋላ ማን አስተማራቸው? ደግሞስ የትኛው ሙት ነው ይህን ያህል ትዕግሥት ያለው? አለቃ በየገበያው የማይጠፉት ዓይነት ሰው ናቸው፤ ሌላው በጣት አሻራ ፈርሞ ቀለም የነካ አውራ ጣቱን ጠርጎ ሲጨርስ እሳቸው ገና ማኅተሙን እየመረመሩ ነው። ከላይ ወደ ታች ያነባሉ፣ ከታች ወደ ላይ ይመለሳሉ፣ ቢፈቀድላቸው ወረቀቱን ልጠው ግድግዳውንም ያነቡት ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የተጻፈውን አየን፤ ያልተጻፈውስ?" ይላሉ። አንዴ ጣሊያን ጭነት የሚያጓጉዝ ሰው ሲፈልግ "በቅሎው የማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ለካ በቅሎ የሚባል ነገር የለም፤ በቅሎውም ነጂውም ያው ተቀጣሪው ነው!

በጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ደበሌ በማለዳ ደርሷል። የጣሊያን ወታደሮች፣ ሶላቶዎቹ፣ ሲያልፉ እንሰቱን ጨፍጭፈው ለበቅሎ አብልተውበታል፤ ጉድጓድ ውስጥ የቀረችው ቆጮ ሳምንት አትደርስም፤ ሚስቱ አደይ ደግሞ እርጉዝ ናት። ዛሬ ሳይቀጠር ቤቱ ላይመለስ ምሏል።

አለቃ አነበቡ፦ "ለመንገድ ሥራ አርባ ብርቱ ሰዎች ይፈለጋሉ። ምግብና ድንኳን ይሰጣል።"

"አለቀ!" አለ የደበሌ ጎረቤት ሸረፋ። "ወላሂ አለቃ፣ እርስዎ እስኪጨርሱ መንገዱ ራሱ ተሠርቶ ያልቃል!"

ሰው ሳቀ። አለቃ አልሳቁም። ጣታቸው "አርባ" የሚለው ላይ ቆሟል።

"በየካቲት ስንት ነበር የጠየቁት?"

"አርባ" አለ አንዱ።

"በሰኔስ?"

"አርባ።"

"ለዚያው መንገድ?"

"ለዚያው።"

"ሥራው ካላለቀ የፊተኞቹ እዚያው ናቸው። ታዲያ ሌላ አርባ ምን ያደርግላቸዋል?" አሉ አለቃ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለመሆኑ ከሰማንያው አንዱ እንኳ ለመስቀል ሲገባ ያየ አለ?"

የገበያው ጫጫታ ራቅ ብሎ የሚሰማ መሰለ። የጉራጌ ልጅ የትም ቢሆን ለመስቀል ይገባል፤ ታሞም ቢሆን፣ በቃሬዛም ቢሆን። ደበሌ ባለፈው መስቀል የዞረባቸው ቤቶች ትዝ አሉት። ከመንገድ ሥራው ያልመጡት ሰዎች የክትፎ ድርሻ በኮባ ተጠቅልሎ ይጠብቃቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሸተተ፤ ለውሻ ተጣለ። ስለ ነገሩ ግን አንድም ሰው አላወራም።

"ተረኛ!" አለ ለጣሊያኖቹ የሚያስተረጉመውና ሰው የሚመዘግበው ቱርጁማን፣ የአሻራ ቀለሙን ወደ ፊት እየገፋ።

ሰልፉ አልተነቃነቀም። የደበሌ አውራ ጣት መዳፉ ውስጥ ገብታ ተሸሸገች።

አለቃ ደበሌን በክንዱ ይዘው ከሰልፉ ወጡ። "አንድ ረድፍ እንሰት አለኝ፤ ላንተም ለአደይም ይበቃል። ና እንሂድ።"

መንገድ ላይ ደበሌ አላስችል አለው። "አለቃ፣ እውነት ሙታን ናቸው የሚነግሩዎት?"

አለቃ ቆሙ።

"ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የየካቲቱን ወረቀት በጥድፊያ አንዴ ብቻ አንብቤ፣ ሰው ሳይሰማ 'ሂድ' ብዬ የላክሁት የገዛ ልጄን ነው። ሙታን የሚናገሩ ቢሆን፣ እሱ አንድ ቃል ይለኝ ነበር።"